የዳኑት በጓሮ በር ይወጣሉ

ጡረታ በወጣሁ በወሩ ገደማ ቲማቲም ልገዛ ወጥቼ፣ ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ ባጃጅ መቆሚያው ጋ ሰው ከቦ ቆሞ አየሁ። ሰዉን ጥሼ ገባሁ። አንድ ጎረምሳ አስፋልት ላይ ወድቆ ይንፈራገጣል፣ ጭንቅላቱ ከመሬቱ ጋር ይጋጫል። አንዱ ክብሪት ለኩሶ ጭሱን አፍንጫው ሥር ይዞለታል። ሌላው የባጃጅ ቁልፍ በመዳፉ ሊያስጨብጠው ይታገላል። የቀሩት ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጻሉ። ጎንበስ ስል ባጅ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ የቢሮ ሰው የሚመስል ልጅ ክንዴን ያዘኝና፣ "እናቴ፣ አረፋው እንዳይነካዎት፣ ይጋባል" አለኝ። ማክበሩ ነው እንግዲህ!

ክብሪቱን ከሰውየው እጅ መትቼ ጣልኩት። ነጠላዬን አጣጥፌ ከልጁ ጭንቅላት ሥር አደረግኩ፣ የአንገት ቁልፉን ፈታሁለት፣ ወደ ጎኑ አዞርኩት፣ ሰዓቴን አይቼ ጠበቅኩ። ሌላ ምንም የለውም ሥራው። ልጁ ሲነቃ መጀመሪያ ያየው የተደቀኑበትን ስልኮች ነው። ሱሪውን አየ፣ ርሷል። ጃኬቱን ወገቡ ላይ አስሮ ሄደ። እኔም ቲማቲሙን ትቼ ቤቴ ገባሁና አለቀስኩ። አዝኜ አይደለም፣ ተናድጄ ነው። የሚጥል በሽታ አይጋባም፣ ክብሪት አያድነውም፣ በክኒን ይገታል እያልኩ እኮ ነው ፀጉሬ የሸበተው። ታዲያ ለማን ነው ስናገር የኖርኩት? ለግድግዳ?

ይህን የምጽፈው ያ ንዴት ስላልበረደልኝ ነው። ይበርድልሻል የሚሉኝ አሉ፣ እንዲበርድልኝ ግን አልፈልግም።

ነርስ ሆኜ ስመረቅ የተመደብኩት እዚሁ ሀዋሳ፣ ስሙን መጥራት በማልፈልገው ጤና ተቋም ውስጥ ነው። ማዋለጃ ክፍል እገባለሁ ብዬ ስቋምጥ ከጄኔሬተሩ ጎን ወዳለች አንዲት ክፍል ላኩኝ፤ የአእምሮ ሕክምና። እናቴ ስትሰማ፣ "ከእብድ ጋር ልትውዪ ነው ያስተማርኩሽ?" ብላ ቀኑን ሙሉ አኮረፈችኝ። እኔም ከእሷ አልሻልም ነበር። የመጀመሪያው ቀን በር ላይ የተኮለኮሉትን ሰዎች ሳይ ግራ ገባኝ። አብዛኞቹ እንደ እኔና እንደናንተ የሚያወሩ፣ የሚስቁ፣ ልጅ ያዘሉ ናቸው። የሚጥል በሽታ ያለባቸው ነበሩ። በዚያን ጊዜም ሆነ አሁን በብዙ ቦታ የሚታከሙት ከአእምሮ ሕሙማን ጋር ነው። እብድ መባልን የሚፈራው ሰው ክኒኑን የሚያገኘው የእብድ በር በሚባለው በር ገብቶ ነው። ይህን ያሰበው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ቤቱ ሄጄ እጠይቀው ነበር።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ በየነ ናቸው። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቁስል የሚያጥብ ድሬሰር ሆነው ጀምረው በብዙ ስልጠና እዚህ የደረሱ ቀጭን፣ ቁጡ ሰው ነበሩ። ሲዳምኛውን እንደ ውሃ ይጠጡታል። ከገጠር የመጣ ሰው ሲገባ ወንበራቸውን ስበው ጉልበት ለጉልበት ይቀመጣሉ እንጂ ጠረጴዛውን በመሀል አያደርጉም። ታማሚውን "ምን ሆንክ?" ብለው አይጠይቁም። "እሱ ምን ያውቃል? ተኝቶ ነበር፣ ያየውን ሰው ጠይቂ" ይሉኛል። ስለዚህ አብሮ የመጣውን ያፋጥጡታል። መጀመሪያ የዞረው አንገቱ ነው ወይስ ዐይኑ? ጮኸ? የትኛው እጅ ቀድሞ ተንቀጠቀጠ? ምላሱን ነከሰ? ሲነቃ አወቀህ? መልሱን በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ የታማሚውን ክንድ አዙረው ያያሉ። የቃጠሎ ጠባሳ ካለ ቤተሰቡን ቀና ብለው ያዩዋቸዋል። ያ አስተያየት ከስድብ ይከፋል።

አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ከማንም አይቼው አላውቅም። መንገድ ላይ ሰው ወድቆ ሰው ሲሰበሰብ አይበትኑም። "ሰው ሲባረር ይብሳል" ይላሉ። ይልቅ እጃቸውን ዘርግተው፣ "ዙሩ! ጀርባችሁን ስጡት!" ብለው ያዛሉ። ሰዉ ደንግጦ ይዞራል። ከዚያ የተመለከቱት ሁሉ ፊታቸውን ወደ ውጭ አድርገው አጥር ሆነው ይቆማሉ። የወደቀው ሰው ሲነቃ የሚያየው የሰው ጀርባና የጋሽ በየነን ፊት ብቻ ነው። ስሙን ጠርተው፣ የት እንዳለ ነግረው፣ ሱሪው ርሶ ከሆነ ጋቢያቸውን አልብሰው ነው የሚያስነሱት። "በሽታው የሚያልፍ ነው፣ ያዩትን ፊት መርሳት ግን አይቻልም" ይሉ ነበር።

የክፍላችን ሌላ በር ነበረ። ወደ ጓሮ፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ የሚያወጣ፤ ከዚያ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ጎን መንገድ። ጋሽ በየነ ያን በር ለሚፈሩ ሰዎች ከፈቱት። አስተማሪው፣ ነጋዴው፣ ሊያገባ ያለው፣ የመዘምራን አባሉ፣ ሁሉም በጓሮ ገብቶ ክኒኑን ወስዶ በጓሮ ይወጣል። "ሳይታከም ከሚቀር ተደብቆ ይዳን" አሉኝ። ደግሞም ይድኑ ነበር። ሕመሙ ከጣላቸው ዓመታት ያለፋቸው፣ ልጅ የወለዱ፣ ቤት የሠሩ ብዙ ናቸው። ለወር የሚበቃው ክኒን ከአንድ ምሳ ያነሰ ዋጋ ነው ያለው።

ከእነዚህ አንዱ ጋሽ ሽፈራው ናቸው። ስማቸውን እዚህ መጥራቴ ለምን እንደማያስነውረኝ ኋላ ትረዳላችሁ። ወጣት ሆነው ዳቦ ቤት ተቀጥረው ከምድጃው ፊት ይሠሩ ነበር። ጋሽ በየነ ሲሰሙ ጮኹባቸው። "ከእሳቱ ራቅ! ለባለቤቱ ዐይኔን ያመኛል በለውና ሽያጩ ላይ ተቀመጥ።" ተቀመጡ። ሽያጭ ላይ የተቀመጠ ሰው ንግድ ይማራል። ከጊዜ በኋላ የራሳቸውን ዳቦ ቤት ከፈቱ፣ ታቦር ሰፈር ውስጥ ዳቧቸውን ያልበላ የለም። እሳቸው ግን በየወሩ በጓሮ በር ነበሩ። ጋሽ በየነ ጡረታ ሲወጡ የእሳቸውን ሰዎች ለእኔ አስረከቡኝ፣ አንድ ትእዛዝም ጨመሩልኝ። "የታማሚ ስም ከአፍሽ የወጣ ቀን ሥራው አለቀ።"

እኔም ጠበቅኩት። ለምን እንደጠበቅኩት ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል። ነገሩን አስቡት እስቲ። ክኒኑን እየዋጠ የዳነው በጓሮ ይወጣል፣ ማንም አያየውም። ክኒን ያላገኘው ገበያ መሀል ይወድቃል፣ ሁሉም ያየዋል። እንግዲህ ይህ ከተማ ስለ በሽታው የሚያውቀው ወዳቂውን ብቻ ነው። ታክሞ የዳነ ሰው አይቶ አያውቅማ! በየትኛው ዐይኑ ይመን? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል ያገሬ ሰው። እኛ ደግሞ ድኖም የሚደብቅ ሕዝብ አፈራን።

በመሀል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ተዛውሬ ነበር። ደመወዙ እዚያም እዚህም ያው አልበቃም፣ እሱን ተዉት። ስመለስ አዲስ ኃላፊ መጥቷል፣ ሥራ ወዳድ፣ ቀለም ወዳድ። ክፍላችንን ከጄኔሬተሩ ጎን አውጥቶ ከዋናው መግቢያ ፊት ለፊት አመጣው። በአንድ በር የሚገባበትና የሚወጣበት ንጹህ ክፍል ሆነ። ከበሩ በላይ ከመንገድ ማዶ የሚነበብ ቀይ ጽሑፍ አሰቀለ፤ "የአእምሮ ሕሙማን ክፍል"። አግዳሚውን ወንበር ከጽሑፉ ሥር፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አደረገው። "ሲስተር፣ ምን ይጎድላል?" ሲለኝ ጽሑፉን አውርደው፣ ወንበሩን አዙረው ብዬ ለመንኩት። ሳቀብኝ። የሰዉ አመለካከት መለወጥ አለበት አለኝ። ይለወጣ! ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ግን አንተ አይደለህም አልኩት፣ በዚህም ተቀያየምን።

ከዚያ በኋላ ነው ብርቱካንን ያጣሁት። ብርቱካን አዲስ ከተማ መንገድ ዳር ሳምቡሳ የምትጠብስ፣ ቀልደኛ፣ ክኒኗን እንደ ሰዓት የምትውጥ ሴት ነበረች። ዓመታት አልጣላትም። በጓሮ ትመጣ ነበር፣ ለእኔም ትኩስ ሳምቡሳ ይዛ። በሩ ከተዘጋ በኋላ አንድ ቀን መጥታ ከመንገዱ ማዶ ቆመች። አግዳሚው ወንበር ላይ ስትቀመጥ ሊያያት የሚችል የሰፈሯን ሰው አይታ ተመለሰች። በሚቀጥለውም እንዲሁ። ይህን የነገረችኝ እሷው ናት፣ ቆይታ፣ ሆስፒታል ተኝታ። ክኒኑ ሲያልቅባት ሌላ አልወሰደችም፣ ሳምቡሳ ስትጠብስ ጣላት፣ የጋለው ዘይት ላይ።

ሄጄ ያየኋትን አልገልጽላችሁም። እጇን ይዤ ተቀመጥኩ። የነገረችኝን ግን እገልጻለሁ፣ ምክንያቱም መላው ከተማ እንዲሰማው እፈልጋለሁ። የወደቀችው ሰው በተሰበሰበበት ነው፣ ሳምቡሳ ሊገዙ የቆሙ ነበሩ። ክብሪት የፈለገ ነበረ። ቁልፍ የፈለገም ነበረ። ከድስቱ ጎትቶ ያወጣት ግን አልነበረም፣ አረፋው እንዳይነካቸው ብለው። "ሲስተር" አለችኝ፣ "ሰው ነበረ እኮ። ማንም አልነካኝም።" ሰንብታ አረፈች። ለቅሶዋ ላይ ከእነዚያ ሰዎች አንዳንዶቹ ነጠላ አዘቅዝቀው መጥተው ነበር። የእኔን ለቅሶ ያየ እህቷ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ለኃላፊው ነገርኩት። እጅግ አዘነ። ጽሑፉን ግን አላወረደውም። ከዚያ ወዲህ እኔ ክኒኑን በቦርሳዬ ይዤ የምወጣ ሆንኩ። መታየት የሚፈራውን ታማሚ በሳምንቱ መጨረሻ ቤቱ ሄጄ አየዋለሁ፣ ክኒኑን አደርስለታለሁ። የጓሮው በር ተዘግቶ እኔ ራሴ በር ሆንኩ። ለጋሽ ሽፈራው ስንት ዓመት እንዳደረስኩላቸው እኔው ነኝ የማውቀው።

ጡረታ ወጣሁ። ሽኝቱ ላይ ብርድ ልብስ ሸለሙኝ፣ ንግግር አደረጉልኝ፣ ተበታተንን።

አሁን ወደ መሠረት ልምጣ። መሠረት ታቦር፣ እኔ ከምኖርበት ቅያስ ትኖራለች። ባሏ የሞተባት፣ አንዲት ሕፃን ልጅ ያላት ወጣት ናት። አቶ ወልዴ ከሚባሉ ጎረቤታችን አንዲት ክፍል ከነበረንዳዋ ተከራይታ ቁርስ ቤት ከፍታለች። ፉሏ አፍ ያስከፍታል። የሚጥል በሽታ እንዳለባት ራሷ ነግራኝ እኔ ነኝ ክትትል ያስጀመርኳት፤ ከዚያ ወዲህ ደህና ነበረች። ሰፈሩ አያውቅም ነበር።

የእድራችን አባል ስለሞተ ለቅሶ ቤት ነበርን። ሴቶቹ ተራ ገብተው ያበስላሉ። መሠረት ወጣት ናት፣ ጉልበት አላት ብለው ሁለቱንም ሌሊት ያለ እንቅልፍ አሠሯት። እንቅልፍ ማጣት ለዚህ በሽታ እንደ መርዝ ነው፤ ክኒን እየወሰዱም ይጥላል። በማግስቱ ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ስታድል ወደቀች። ደርሼ ያዝኳት። እንደ ጋሽ በየነ ጮኼ ሰዉን ጀርባውን አሰጠሁት፣ ዞረልኝም። እሷ ነቅታ፣ አቅፌያት፣ ቤቷ አድርሼያት ስመለስ ምን አየሁ መሰላችሁ? ንፍሮውን በርሜሉ ሙሉ ጉድጓድ ደፍተውታል! የእህል ሀብታሞች! ድስቱን ደግሞ በአመድ እያሹ ነው። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ሽፈራው ናቸው። ስትወድቅ ቆመው አይተዋል። ከድንኳኑ መጀመሪያ የወጡት እሳቸው ነበሩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የመሠረት በረንዳ ባዶ ሆነ። ፉሉን አብስላ ማታ ታስረክበኛለች፣ እኔና ልጇ እንበላዋለን። አቶ ወልዴ ደግሞ እድሩ የሚወስነውን ሰምቼ ነው የማስቀምጥሽ አሏት። ቁርስ ቤቷ ከተዘጋ የምትገባበት የለም። እናትና ልጅ የሚኖሩት በዚያች በረንዳ ነው።

እሁድ እድሩ ተሰበሰበ። ተነስቼ ተናገርኩ። በሽታው ከአንጎል እንደሆነ፣ በምራቅም በእጅም እንደማይተላለፍ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ያንን አረፋ በእጄ ስጠርግ እንደኖርኩ ነገርኳቸው። በጨዋነት ሰሙኝ። ከዚያ ጋሽ ሽፈራው ጉሮሯቸውን ጠረጉና በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው ተናገሩ።

"ሲስተር፣ ማንም የጠላት የለም። እህታችን ናት። መዋጮዋን ትክፈል፣ ሲደርስባት እንቀብራታለን። ምግብ ብቻ አትንካልን።"

ስትሞት እንቀብራታለን፣ በሕይወት እያለች ግን አንነካትም! ዐይን ዐይናቸውን አየሁ። እሳቸው ጠረጴዛውን ያያሉ። ነገሩ አፌ ላይ መጣ፣ እውነቴን ነው፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። በሽታው በእጅ የሚሄድ ቢሆን ኖሮ ዳቦ ቤትዎ ታቦርን በሙሉ ጥሎት ነበር ልል። ከንፈሬን ነከስኩ። ዝም አይነቅዝም የሚል ተረት አለን። ይነቅዛል! የእኔ ዝምታ ያን ቀን ሲነቅዝ ይሰማኝ ነበር። እጅ ወጣ፣ ውሳኔው አለፈ። አቶ ወልዴ ከአዳራሹ ሲወጡ መሠረትን ጠርተው እስከ ወሩ መጨረሻ ቤቴን ልቀቂልኝ አሏት። ቤቴ ገብቼ ያገኘሁትን ባልዲ በእርግጫ መታሁት፣ እግሬን እንጂ ማንንም አልጎዳሁም።

በሦስተኛው ቀን ወደ ማምሻው በሬ ተንኳኳ። ጋሽ ሽፈራው ናቸው፣ በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ዳቦ ይዘው። ይግቡም አላልኳቸው። ክኒናቸው ሊያልቅ ነው። በእኔ ቦታ የገባችው ነርስ ባለቤቱ ራሱ ካልመጣ አልሰጥም ብላለች። እንደ ወትሮው ሄጄ እንዳመጣላቸው ነው የመጡት።

"ልጅቷ ልክ ናት። ራስዎ ይሂዱ" አልኳቸው።

"ሰው ያየኛል፣ ሲስተር።"

"ይይዎት!"

"ዳቦዬን ማን ይገዛኛል?"

በሩን ይዤ ቆምኩ። ድምፄ ከቅያሱ ማዶ ሳይሰማ አልቀረም። "የመሠረትንስ ፉል ማን ይገዛታል? በሽታው ባይኖርብዎ ኖሮ እሺ፣ አያውቁም እል ነበር። ያውቃሉ እኮ! ከዚያ አዳራሽ ውስጥ ከእኔ ሌላ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነበሩ!"

አዛውንት ሰው በር ላይ ሲያጎነብስ ማየት ያሳዝናል፣ እኔ ግን ያን ቀን ለማዘን ጊዜ አልነበረኝም። ክኒኑን አንድ ቀን እንኳ እንዳይዘሉ፣ በአንዴ ካቋረጡት ክፉኛ እንደሚጥል አስጠነቀቅኳቸው። ነገ ጠዋት የክትትል ቀን ነው፣ እኔ እዚያው እጠብቅዎታለሁ፣ አብሬዎት እቀመጣለሁ አልኳቸው። ዳቦውን መልሼ ሰጠኋቸው።

በማግስቱ መሠረትም ቀጠሮ ነበራት፣ ከወደቀች በኋላ የክኒኑ መጠን መታየት ስላለበት። ከዚያ ከቀዩ ጽሑፍ ሥር፣ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጥን። ባጃጁ፣ ሚኒባሱ፣ እግረኛው ሁሉ ፊት ለፊታችን ያልፋል። ወንበሩ ሞልቷል። ጋሽ ሽፈራው ኮፍያቸውን ዐይናቸው ድረስ አውርደው መጡና ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። መሠረት አየቻቸው። ውሳኔውን ያነበቡባት ሰው ናቸው። ብድግ አለች።

"ጋሼ፣ እዚህ ይቀመጡ።"

ተቀመጡ። ሰው ሊጠይቁ የመጡ መስሏት ነበር። ትንሽ ቆይቶ ነርሷ በሩን ከፍታ ስማቸውን ከነአባታቸው ጠራች። አልተነሱም። ደግማ ጠራች። ሌላ ሰው የተጠራ ይመስል መንገዱን ያያሉ፣ ኮፍያቸውን ደግመው ወደ ታች ይስባሉ። ያኔ ገባት። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት። አሁን ትናገራቸዋለች ብዬ ጠበቅኩ፣ እንድትናገራቸውም ፈልጌ ነበር። ጎንበስ ብላ ትከሻቸውን ነካች።

"ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት የተጠሩት። ይግቡ፣ ቦታዎን እይዝልዎታለሁ።"

ሲወጡ ክኒኑን ኪሳቸው ከትተው ፊቷ ቆሙ። ማለት የቻሉት "አደራሽን፣ መሠረት" ብቻ ነው። እሷም የማንንም ገበና አላወጣም አለቻቸው። እሳቸው ሊሄዱ ሲሉ ግን አስቆመቻቸው። "ነገ ቁርስዎን እኔ ጋ ይብሉ። ውስጥ ሳይሆን በረንዳው ላይ።"

ባጃጅ ውስጥ ጮኽኩባት። እኔ ብሆን እዚያው አሳጥቻቸው ነበር አልኳት። ተረጋግታ መለሰችልኝ። "ብናገርባቸው እሳቸውም ይጠፋሉ እንጂ እኔ አልመለስም፣ ሲስተር።" የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ናት።

ጠዋት ቀድሜ በረንዳው ላይ ተሰየምኩ። አይመጡም ብዬ ነበር። መጡ፣ ከዳቦ ቤታቸው ዳቦ ይዘው፣ ለመሠረት ሰጧት። ፉል አዘዙና ፊታቸውን ወደ መንገዱ አድርገው መብላት ጀመሩ። ሰብሳቢው ሲበሉ ያዩ ሁለት ሰዎች ግራ ተጋብተው ቆሙ፣ ከዚያም ገብተው ተቀመጡ። አቶ ወልዴ ስለ ወሩ መጨረሻ ሊያስታውሷት ሲመጡ ጋሽ ሽፈራውን አገኙ። "እንብላ!" ተባሉ። ለሰብሳቢው እምቢ አይባልም፣ ተቀመጡ፣ ዳቦ ቆረሱ፣ ጠቀሱ። ፉሉ ጥሟቸው መሰለኝ አፋቸው ተፈታ።

"ሽፈራው፣ አንተ እኮ ልብ አለህ" አሉ፣ ሌሎቹም እንዲሰሙ ጮክ ብለው። "ከእሷ እጅ በላህ! ሌላው ቢሆን ይፈራ ነበር። የደግ ሰው ነገር!"

ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ የሻይ ብርጭቆውን ላለመወርወር ጠረጴዛውን ያዝኩ። መሠረት በሩ ላይ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ቆማለች፣ ማንንም አታይም። ጋሽ ሽፈራው ማላመጣቸውን አቆሙ።

"ወልዴ፣ ዳቦዬን ስንት ዓመት በላህ?"

"ኧረ ልጆቼን ያሳደግኩበት ነው!"

"እኔም እንደ እሷ ነኝ። ከጎረምሳነቴ ጀምሮ። ክኒን እውጣለሁ።" እጃቸውን ኪሳቸው ከተው የክኒኑን ዕቃ አውጥተው ከፉሉ ሳህን አጠገብ አስቀመጡት። "ታዲያ ከልጆችህ አንዱን ጣለው?"

ከተቀመጡት አንደኛው ሰውዬ ሒሳቡን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ፣ ሳህኑን ሳይጨርስ ወጥቶ ሄደ። አቶ ወልዴ እጃቸው ላይ ያለውን ዳቦ አዩት። ክኒኑን አዩ፣ እሳቸውን አዩ። ከዚያ ዳቦውን ጠቅሰው ጎረሱና መሠረትን ሻይ ጨምሪልኝ አሏት። ስለ ወሩ መጨረሻ አላነሱም።

መሠረት ሻዩን ቀዳችላቸው። ልጇ ውስጥ ትስቃለች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ትንሽ ደስ ሳይለኝም አልቀረም። ንዴቴ ግን ብሶ ነበር። ወንበሬን ስቤ ጋሽ ሽፈራው አጠገብ ተቀመጥኩ።

"ይህን ለመናገር አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብዎትም" አልኳቸው።

ክኒኑን አንስተው ኪሳቸው መለሱት።

"አልፈጀም፣ ሲስተር" አሉኝ።